የሻህ ሩክ ካን ዓለም አቀፍ ተጽዕኖ፦ ዝናው፣ ገበያውና ሙያው ለየብቻ ሲታዩ

በኦገስት 2024 የስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ለህንዱ ተዋናይ ሻህ ሩክ ካን የሙያ ዘመን ሽልማት ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ዜናው ተደራረበ። በለንደን ሌስተር አደባባይ፣ የታወቁ የፊልም ገጸ ባሕርያት ሐውልቶች ባሉበት ስፍራ፣ በ1995 ከተዋናይቷ ካጆል ጋር ለሠራው ፊልም ሐውልት እንደሚቆም ተነገረ። የህንድ መንግሥት የምርጥ ተዋናይነትን ብሔራዊ ሽልማት ከቪክራንት ማሴ ጋር በጋራ ሰጠው፤ ከሠላሳ ዓመታት በላይ በዘለቀ የፊልም ሥራው ይህን ክብር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ የወጣው የሁሩን የሀብታሞች ዝርዝር ደግሞ የዶላር ቢሊየነር ሆኗል ሲል መዘገበው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አድናቂዎቹ እያንዳንዱን ዜና ለአንድ ድምዳሜ ማስረጃ አድርገው ይዘውታል፦ ሻህ ሩክ ካን ዓለም አቀፉን ሲኒማ ለውጧል። የሚቃወሟቸው ደግሞ ሆሊውድ ውስጥ አንድም ፊልም ያልሠራ ሰው እንዴት ዓለም አቀፍ ተጽዕኖ ይኖረዋል ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት የሆነ ነገር ይዘዋል፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ክርክሩ የማያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምኑ ነው የሚለካው?

በውይይቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ነገሮች አሉ። አንደኛው ተመልካች ነው፦ ስንት ሰው ያውቀዋል፣ ስንት ሰው ይወደዋል። ሁለተኛው ገበያ ነው፦ ከህንድ ውጭ ፊልሞቹ ስንት ትኬት ሸጡ፣ ከዚያስ ስንቱ ወደ ፊልሙ ባለቤት ተመለሰ። ሦስተኛው ሙያ ነው፦ በሌላ አገር ያለ ዳይሬክተር፣ ጸሐፊ ወይም ፕሮዲውሰር የእሱን ፊልሞች አይቶ የራሱን አሠራር ቀይሯል ወይ የሚለው ነው።

አንዱ ሌላውን አያስከትልም። ትኬት ሳይገዙ የሚወዱ ሚሊዮኖች አሉ። ትኬት በብዛት የሸጠ ፊልም በውጭ አገር የፊልም ሥራ ላይ ምንም ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል። በየቦታው የሚጠቀሰው «ሦስት ቢሊዮን ተኩል አድናቂ» የሚለው ቁጥር ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል። ቁጥሩ የዓለምን ሕዝብ ግማሽ ሊያህል ጥቂት ይቀረዋል፤ አድናቂ ማለት ማን እንደሆነና ማን እንደቆጠረው ግን አይገለጽም። ሀብቱም ቢሆን የተጽዕኖ መለኪያ አይሆንም። ከትወና ክፍያው ሌላ በ2002 የተመሠረተው ሬድ ቺሊስ የተባለው ኩባንያውና ከ2008 ጀምሮ ድርሻ ያለው የኮልካታ የክሪኬት ቡድን የሀብቱ ምንጮች ናቸው።

ከእሱ በፊት የነበረው መንገድ

የህንድ ኮከብ ከአገሩ ውጭ ሲገን ሻህ ሩክ ካን የመጀመሪያው አይደለም። ራጅ ካፑር በ1951 ያዘጋጀውና የተወነበት «አዋራ» በ1954 በሶቪየት ኅብረት ታየ። ስታሊን ከሞተ አንድ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሞስኮና ዴልሂ እየተቀራረቡ ነበር፤ የህንድ ፊልሞች ሳምንት በሞስኮና በሌሎች ከተሞች ተዘጋጀ። ፊልሙ በሩሲያኛ ድምፅ ተቀርጾበት ወደ 64 ሚሊዮን የሚጠጋ ትኬት ተሸጠ።

ሆኖም ሶቪየት ኅብረት ፊልም የምትገዛው በመንግሥት ድርጅቷ በኩል፣ በቁርጥ ዋጋ ነበር። ተመልካቹ አንድ ሚሊዮንም ይሁን 60 ሚሊዮን ለሻጩ የሚደርሰው ያው ነው። ተመልካቹ እጅግ ብዙ፣ ገበያው ግን ትንሽ ነበር። በሙያ በኩል ደግሞ ያልተጠበቀ ፍሬ የታየው ቱርክ ውስጥ ነው፤ እዚያ ታሪኩ በ1964 በቱርክኛ እንደገና ተሠራ። አንድ ፊልም በሦስቱ መለኪያዎች ሦስት የተለያየ ውጤት አስመዘገበ ማለት ነው። ስለ ሻህ ሩክ ካን የሚደረገውም ክርክር በዚህ መንገድ ቢታይ ይጠራል።

1995 እና ከዚያ በኋላ፦ ዲያስፖራው ገዢ ሲሆን

ሻህ ሩክ ካን ወደ ታዋቂነት የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ በ1992 ወጣ። በ1993 በሁለት ፊልሞች ገዳይና አፍቃሪ አሳዳጅ ሆኖ ተወነ። ዓለም አቀፍ ያደረገው ግን በኦክቶበር 1995 የወጣው፣ አዲትያ ቾፕራ ያዘጋጀው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ነው። ለንደን ያደጉ ሁለት የህንድ ልጆች አውሮፓ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ልጅቷ ግን አባቷ ፑንጃብ ውስጥ ለሌላ ሰው አጭቷታል። ወንዱ ልጅ ይዟት መጥፋት ይችላል፤ እሱ ግን ያለ አባቷ ፈቃድ አልወስዳትም ይላል።

ይህ የታሪክ ምርጫ ትልቅ የገበያ ውጤት ነበረው። ከዚያ በፊት በነበሩ ብዙ የህንድ ፊልሞች ውጭ ያደገ ህንዳዊ ባህሉን የጣለ፣ መታረም ያለበት ሰው ሆኖ ይቀርብ ነበር። እዚህ ግን ባህሉን ከማንም በላይ የሚጠብቀው ለንደን ያደገው ልጅ ነው። በበርሚንግሃም ወይም በኒው ጀርሲ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በሙሉ ልብ የሚገቡበት ፊልም አገኙ፤ አንድ ትኬት ይገዛ የነበረው ቤተሰብ አራትና አምስት ትኬት መግዛት ጀመረ።

ከታሪኩ ጀርባ ኢኮኖሚው ነበር። ህንድ በ1991 ሩፒን አርክሳ ገበያዋን ስትከፍት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ገቢ ዋጋው ከፍ አለ። አንድ የለንደን ትኬት በአንዲት ትንሽ የህንድ ከተማ ከሚሸጡ ብዙ ትኬቶች ጋር የሚመጣጠን ገንዘብ ያስገባ ነበር። በህንድ የፊልም ንግድ አገሪቱ በአከፋፋይ ክልሎች የተከፋፈለች ናት፤ ከአገር ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ደግሞ እንደ አንድ ተጨማሪ ክልል ተቆጥሮ ለአንድ ነጋዴ ይሸጥ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የ«ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» አምራች ኩባንያ ያሽ ራጅ ፊልምስ በብሪታንያና በአሜሪካ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ያንን መካከለኛ ነጋዴ አስቀረ። በ1998 የህንድ መንግሥት ፊልምን እንደ ኢንዱስትሪ ዕውቅና ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ፕሮዲውሰሮች ከግል አራጣ አበዳሪዎች ወጥተው ወደ ባንክ መሄድ ቻሉ። ባንክ ደግሞ የሽያጭ ውል ማየት ይፈልጋል፤ አስቀድሞ የተፈረመ የውጭ ውል ጥሩ ዋስትና ሆነ።

የዚህ ውል የተለመደው ዓይነት ሚኒመም ጋራንቲ ይባላል። አከፋፋዩ ለአንድ አካባቢ መብት አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ ያንን ገንዘብ፣ ወጪውንና ኮሚሽኑን ካስመለሰ በኋላ የሚተርፈውን ከፕሮዲውሰሩ ጋር ይካፈላል። የኮከብ ስም ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ፊልሙ ተሠርቶ ሳያልቅ በስሙ ብቻ ይሸጣል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ዋጋው ያለፈውን ፊልም ውጤት ተከትሎ ይወጣል፣ ተመልካቹ ግን የሚፈርደው በአሁኑ ነው። ሁለት ሦስት ፊልም በተከታታይ ሲወድቅ ገዢዎች ይከስራሉ፤ ቀጣዩን ውል አይፈርሙም። በዲሴምበር 2018 «ዜሮ» ከወደቀ በኋላ ሻህ ሩክ ካን በመሪ ተዋናይነት እስከ ጃንዋሪ 2023 አልታየም።

የውጭው ገበያ የራሱ ጣዕም እንዳለው ቀድሞ ያሳየው የ1998ቱ «ዲል ሴ» ነው። ማኒ ራትናም ያዘጋጀው ይህ ፊልም በህንድ የተጠበቀውን ያህል አልሄደም፤ በብሪታንያ ግን የሳምንቱ አሥር ከፍተኛ ፊልሞች ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ የሙምባይ ፕሮዲውሰሮች ታሪካቸውን ወደ ለንደንና ኒው ዮርክ አዛወሩ። በእኔ ግምት የሻህ ሩክ ካን ትልቁ ተጽዕኖ ይኸው ነው፤ ያረፈው ግን በሌሎች አገሮች ሲኒማ ላይ ሳይሆን በራሱ አገር ሲኒማ ላይ ነው። ይህም ዋጋ አስከፍሏል። በትናንሽ ከተሞች ባለ አንድ አዳራሽ ሲኒማ ቤቶች የሚገቡ ተመልካቾች በእነዚያ ቪላዎችና አውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ ራሳቸውን አላገኙም፤ ከጊዜ በኋላ በሂንዲ የተተረጎሙት የቴሉጉና የታሚል ፊልሞች ያንን ክፍተት ሞሉት።

ጀርመን፦ ዲያስፖራ በሌለበት የተገኘ ተመልካች

ጀርመን ውስጥ ከብሪታንያ ጋር የሚወዳደር የህንድ ማኅበረሰብ የለም። ሆኖም በ2004 አርቲኤል ሁለት የተባለው የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሻህ ሩክ ካን የተወነበትን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን የ2001 የቤተሰብ ፊልም በጀርመንኛ አሳየ፤ ተመልካቹም ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ጣቢያው ተጨማሪ ፊልሞች ገዛ፤ ዲቪዲዎች ወጡ፤ የአድናቂ ማኅበራት ተቋቋሙ። ብዙዎቹ አድናቂዎች ህንድን የማያውቁ ጀርመናውያት ሴቶች ነበሩ።

የሠራው ነገር በዝርዝር ሲታይ ከኮከቡ ፊት ሰፋ ያለ ነው። ዳቢንግ፣ ማለትም የተዋናዩን ንግግር በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት፣ በጀርመን የቆየ ሙያ ነው። ሻህ ሩክ ካንን በቋሚነት በጀርመንኛ ያናገረው ፓስካል ብሮየር የተባለ አንድ ተዋናይ ስለነበር ተመልካቹ ከፊልም ፊልም ያንኑ ድምፅ ያገኝ ነበር። ዘፈኖቹ ግን በሂንዲ ተትተው የግርጌ ጽሑፍ ብቻ ተደረገላቸው፤ ዘፈን ቢተረጎም የከንፈር እንቅስቃሴውም ዜማውም ይበላሻል። ፊልሙ ረጅም መሆኑ ለሲኒማ ቤት ሸክም ነው፤ ለንግድ ቴሌቪዥን ግን አንድ ምሽት ሙሉ በማስታወቂያ የሚሞላ ርካሽ ዝግጅት ነበር።

የማዕበሉ መብረድም ያስተምራል። ጣቢያው ፊልሞቹን ከዋና ሰዓት እያወጣ ሲሄድ አዲስ ተመልካች መምጣቱ ቀነሰ። በ2016 ለህንድ ፊልሞችና ድራማዎች ተብሎ በጀርመንኛ የተከፈተው ዚ ዋን የተባለ ጣቢያ በ2020 ተዘጋ። ነባሮቹ አድናቂዎች ግን አልተበተኑም። ሻህ ሩክ ካን በ2010 «ዶን 2»ን በርሊን ሲቀርጽ የበርሊንና ብራንደንቡርግ የፊልም ድጋፍ ተቋም ገንዘብ ሰጥቷል። ድጋፉ የሚሰጠው ለከተማዋ ሥራና ጎብኚ ያመጣል ተብሎ ነው፤ ያንን ተስፋ የፈጠረው የቴሌቪዥኑ ዘመን ነበር።

የዲሽ ተመልካቾችና የማይቆጠረው ፍቅር

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ መንገዱ ሌላ ነው። የህንድ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችና በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች የቆየ ታሪክ አለው። ዲሽ ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ በዓረብሳትና በናይልሳት የሚገቡ፣ የህንድ ፊልሞችን በዓረብኛ የግርጌ ጽሑፍ ወይም በዓረብኛ ድምፅ የሚያሳዩ ጣቢያዎች ቤት ለቤት ደረሱ፤ ዚ አፍላምና በ2013 የተከፈተው ኤምቢሲ ቦሊውድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው የተመለሱ ዓረብኛውን ይከታተሉታል፤ ሌላው በፊት ገጽታ፣ በዘፈንና በታሪኩ አካሄድ ይረዳዋል። እንዲህ ያለው ፊልም ስሜቱን በግልጽ ስለሚያሳይ ቋንቋ የማያውቅ ሰውም አይጠፋበትም።

ይህ ሁሉ ተመልካች በየትኛውም የገቢ ሰንጠረዥ ላይ የለም። የማስታወቂያው ገንዘብ የሚሰላው በባሕረ ሰላጤው ሸማች ነው፤ አዲስ አበባና ደሴ ያለው ቤተሰብ በነጻ ያያል። «በአፍሪካ የለም» የሚሉ ተቃዋሚዎች የሚያዩት የሲኒማ ቤት ገቢ ብቻ ስለሆነ ይህንን ተመልካች ያጡታል። አድናቂዎችም ተመልካቹን እንደ ገበያ ሲቆጥሩት ይሳሳታሉ።

ከአንድ ትኬት ስንት ይደርሳል?

በ2023 «ፓታን» ከ1,000 ክሮር ሩፒ በላይ፣ «ጃዋን» ደግሞ ከ1,100 ክሮር በላይ አስገቡ ተባለ። ክሮር አሥር ሚሊዮን ነው፤ 1,000 ክሮር አሥር ቢሊዮን ሩፒ ይሆናል። ይህ ግሮስ የሚባለው፣ ተመልካች በትኬት መስኮት የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው።

ሙምባይ ውስጥ 300 ሩፒ የሚሸጥ ትኬት እንውሰድ። ከ100 ሩፒ በላይ በሆነ ትኬት ላይ 18 በመቶ ግብር አለ፤ ግብሩ ሲወጣ የሚቀረው 254 ሩፒ ገደማ ኔት ይባላል። በ2009 ፕሮዲውሰሮችና ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ቤቶች ለሁለት ወራት ያህል ተጣልተው አዲስ ፊልም ሳይወጣ ከቆየ በኋላ በደረሱበት ስምምነት መሠረት፣ አከፋፋዩ በመጀመሪያው ሳምንት ከኔቱ 50 በመቶ፣ በሁለተኛው 42.5፣ በሦስተኛው 37.5፣ ከዚያ በኋላ 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያች ትኬት በመጀመሪያው ሳምንት 127 ሩፒ፣ በአራተኛው 76 ሩፒ ወደ አከፋፋዩ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከ100 ክሮር ግሮስ ለአከፋፋዩ የሚደርሰው 40 ክሮር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የማስታወቂያ ወጪና ኮሚሽን ይነሳል።

ትልልቅ ኮከቦች ፊልማቸው በመጀመሪያው ሳምንት በተቻለው ብዛት አዳራሾችን እንዲይዝ የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ገንዘቡ የሚሻለው ያኔ ነው። አድናቂዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር እንደ ፍርድ ይወስዱታል። ህንድ እንደ ቻይና እያንዳንዱን ትኬት መዝግቦ ለሕዝብ የሚያወጣ የመንግሥት ሥርዓት የላትም፤ አብዛኛው ቁጥር ከፕሮዲውሰሩ ወይም ከንግድ ተንታኞች የሚወጣ ነው። በጅምላ የሚገዙ ትኬቶችም ቁጥሩን ሊያሳብጡት ይችላሉ።

በዘመናት መካከል ሲነጻጸር ሌላ ስሕተት ይመጣል። በ1995 አንድ ዶላር 32 ሩፒ ገደማ ነበር፣ በ2023 ደግሞ 82 ገደማ። አንድ ሚሊዮን ዶላር የውጭ ገቢ ያኔ 3.2 ክሮር ነበር፣ አሁን 8.2 ክሮር ነው። አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይገባ የውጭው ገቢ በሩፒ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ከህንድ ውጭ ያለውን ገቢ በዶላር፣ ቢቻል ደግሞ በትኬት ብዛት ማየት ይሻላል።

ቻይና፦ የሌላው ካን ምሳሌ

ኮከብነት ብቻውን ገበያ እንደማይከፍት የሚያሳየው ቻይና ነው። እዚያ የገነነው የህንድ ተዋናይ አሚር ካን ነው። የ2009ኙ ፊልሙ «ሦስት ኢዲየትስ» በይፋ ከመግባቱ በፊት በኢንተርኔት በተማሪዎች መካከል ተሰራጨ፤ ፈተናና የወላጅ ጫና የቻይና ተማሪም ችግር ነበሩ። ከዚያ ተመልካቾች ፊልሞቹን እየጠበቁ ማየት ጀመሩ፣ እሱም ደጋግሞ ሄዶ አስተዋወቀ። ሴት ልጆቹን ለትግል ውድድር ስለሚያሠለጥን አባት የሚናገረው «ዳንጋል» በሜይ 2017 ሲገባ 1.3 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ፣ ማለትም ከ190 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ አስገባ። «ፓታን» ቻይና ሳይገባ ከህንድ ውጭ በመላው ዓለም ያገኘው 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ቻይና የውጭ ፊልም የምታስገባው በኮታ ነው። በ2012 በተደረሰው ስምምነት ከትኬት ገቢ ድርሻ የሚያገኙ የውጭ ፊልሞች በዓመት 34 ሲሆኑ፣ ድርሻውም 25 በመቶ ነው። የቀሩት በቁርጥ ዋጋ ይሸጣሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አስመጪው የሚመርጠው ታሪኩ ለቻይና ቤተሰብ ቅርብ የሆነውን ነው። ስለ ህንድ ስደተኛ ናፍቆትና ስለ ትልቅ ሠርግ የሚያወራ ፊልም፣ ኮከቡ ምንም ያህል ቢታወቅ፣ እዚያ ገዢ አያገኝም። አሚር ካንም ከዚህ ሕግ አላመለጠም፤ በ2018 መጨረሻ የገባው «ታግስ ኦቭ ሂንዶስታን» በዚያው አገር ወድቋል።

ፖለቲካም በሩን በአንድ ቀን ይዘጋዋል። ፓኪስታን ውስጥ ሻህ ሩክ ካን እጅግ የሚወደድ ተዋናይ ነው፣ ሂንዲውም ለኡርዱ ተናጋሪ ትርጉም አያስፈልገውም። ከፌብሩዋሪ 2019 የሁለቱ አገሮች ግጭት ወዲህ ግን የህንድ ፊልሞች ከፓኪስታን ሲኒማ ቤቶች ወጥተዋል።

በሙያው ላይ የቀረው አሻራ

የህንድ ፊልም የሌላ አገርን አሠራር በእርግጥ የለወጠበት ቦታ ሰሜን ናይጄሪያ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሊባኖስ ነጋዴዎች ያስገቧቸው የህንድ ፊልሞች በካኖ ሲኒማ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ታዩ። አንትሮፖሎጂስቱ ብራየን ላርኪን በ1990ዎቹ ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የሃውሳ ተመልካቾች በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የራሳቸውን ጥያቄ አገኙ፦ ወላጅ በመረጠውና ልብ በመረጠው መካከል ያለውን ጠብ፣ ያውም ከሆሊውድ ይልቅ ለጨዋነታቸው በሚቀርብ አለባበስና አነጋገር። ከ1990 በኋላ ካኖ ውስጥ የተነሣው፣ ካኒውድ የሚባለው የሃውሳ ፊልም ሥራ የዘፈንና የጭፈራ ትዕይንትን ከህንድ ወሰደ። ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ በሌላ ዘፋኝ ይቀረጻል፣ ተዋናዩ በካሜራ ፊት ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ፕሌይባክ የሚባለው ይህ ዘዴ የህንድ ሲኒማ መለያ ነው። የሃይማኖት መንዙማ ቡድኖች እንኳ የህንድ ፊልም ዜማዎችን ወስደው ነቢዩን ያወድሱባቸዋል።

ይህ ተጽዕኖ ግን የአንድ ኮከብ አይደለም፤ ሻህ ሩክ ካን ከመወለዱም በፊት የጀመረ ነው። በምዕራቡም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አውስትራሊያዊው ዳይሬክተር ባዝ ሉርማን ለ2001ዱ «ሙላን ሩዥ» መነሻ የሆነው ህንድ ውስጥ ያየው ፊልም እንደነበር ተናግሯል፤ ሳቅና ሐዘን፣ ዘፈንና ጭፈራ በአንድ ላይ መቅረባቸው ነበር የማረከው። በማርች 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ የህንድ ፊልም ዘፈን የኦስካርን የምርጥ ዘፈን ሽልማት ሲያገኝም አሸናፊው «ናቱ ናቱ» የቴሉጉ ዘፈን ነበር፤ ከሙምባይም፣ ሦስቱ ካኖች ከሚባሉት ከሻህ ሩክ፣ ከአሚርና ከሳልማን ካንም ውጭ ማለት ነው።

ታዲያ የሻህ ሩክ ካን የራሱ የሙያ አሻራ የት ነው? ኩባንያው በ2006 የቪዥዋል ኢፌክት ክፍል አቋቁሟል፤ ቪዥዋል ኢፌክት ካሜራ ያልቀረጸውን ምስል በኮምፒውተር የመሥራት ሙያ ነው። በ2011 የወጣው «ራ ዋን» በታሪኩ ብዙ ትችት ቢደርስበትም ያ ክፍል በትልቅ ሥራ የተፈተነበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ፕሮዲውሰሮችም ይሠራል። ሌላው አሻራ የወንድ መሪ ገጸ ባሕርይ አቀራረብ ነው፤ የሚያለቅስ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ከሴቶች ጋር ወጥ ቤት የሚቀመጥ ወንድ። ይህ ገጸ ባሕርይ በጀርመንም፣ በሞሮኮም፣ በኢንዶኔዥያም ሴት ተመልካቾችን ስቧል። ነገር ግን የእነዚህን አገሮች ፊልም ሠሪዎች ለውጧል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ደካማ ነው።

የተለያዩ አመለካከቶች

አንደኛው ወገን ኮከቡ ዋና ነው ይላል። የጀርመኑ ጣቢያ ከመቶዎች መካከል ደጋግሞ የእሱን ፊልሞች መምረጡን ያነሳል፤ ተመልካቹ የፊልሙን ስም ረስቶ ስሙን እንደሚይዝ ይጠቅሳል። ይህ እውነት ነው፤ አከፋፋዮችም ስሙን ለይተው ይከፍሉበታል። ሌላው ወገን ወሳኙ ሥርጭቱ ነው ይላል፤ ማስረጃው የጀርመኑ ማዕበል ከቴሌቪዥን ሰዓቱ ጋር መውጣቱና መውረዱ ነው። ይህ መከራከሪያ ይበልጥ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ያው ኮከብ በአንዱ አገር ሲገን በሌላው የማይታወቅበትን ምክንያት የሚያስረዳው እሱ ብቻ ነውና። የሚጎድለው፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ሰዎች ለምን ሃያ ዓመት እንደሚቆዩ አለማስረዳቱ ነው፤ ለዚያ ተዋናዩ ራሱ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ወገን ጉዳዩን ከመንግሥታት አንጻር ያየዋል። ለስላሳ ኃይል የሚባለው አገር ያለ ጦርና ያለ ገንዘብ በባህሏ የምታገኘው ተደማጭነት ነው። ፈረንሳይ በ2014 የሌዥን ዶነር ክብር ሰጥታዋለች፤ ማላካ የተባለው የማሌዥያ ግዛት በ2008 ዳቱክ የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ክብሮቹ ተቀባይነቱን ያሳያሉ፤ የፓኪስታን ምሳሌ ግን እንዲህ ያለው ተደማጭነት መንግሥታት ሲጣሉ የማይጸና መሆኑን ያስረዳል።

ወደፊት የሚጠበቀው

በ2016 ኔትፍሊክስ ከሬድ ቺሊስ ጋር ተዋውሎ የሻህ ሩክ ካንን ፊልሞች ለዓለም አቀረበ። እንዲህ ያሉ መድረኮች በአብዛኛው የሚገዙት በቁርጥ ዋጋ ስለሆነ፣ በገንዘብ በኩል ከራጅ ካፑር የሶቪየት ዘመን ጋር የሚመሳሰል ሁኔታ ተመልሷል፤ ተመልካቹ ቢበዛም ለፕሮዲውሰሩ የሚደርሰው አይጨምርም። የሚጨምረው የቀጣዩ ውል ዋጋ ነው።

የሥራው ምንጭም እየተለወጠ ነው። የ«ጃዋን» ዳይሬክተር አትሊና ሙዚቃውን የሠራው አኒሩድ ከታሚል ሲኒማ የመጡ ናቸው፤ ፊልሙም በሂንዲ፣ በታሚልና በቴሉጉ በአንድ ጊዜ ወጣ። የሙምባይ ትልቁ ኮከብ የደቡቡን አሠራር ተቀብሎ ነው የተመለሰው። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ2018 ሲኒማ ቤቶቿን ከከፈተች ወዲህ አዲስ ገበያ ሆናለች፤ በ2023 መጨረሻ የወጣው ፊልሙ በከፊል እዚያ ተቀርጿል።

ቀጣዩ ፊልሙ ሲወጣ ክርክሩ እንደገና መነሣቱ አይቀርም። ያኔ ከመጀመሪያው ቀን ግሮስ ይልቅ ሊታዩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የህንድ ማኅበረሰብ በማይበዛባቸው ከተሞች በሁለተኛው ሳምንት ስንት አዳራሽ እንደቀረለት፣ በስንት ቋንቋ በአገሬው ድምፅ እንደተሠራ፣ ታሪኩን እንደገና ለመሥራት መብቱን የገዛ የውጭ ፕሮዲውሰር መኖር አለመኖሩ። «ሦስት ኢዲየትስ» በ2017 ሜክሲኮ ውስጥ በስፓኒሽ እንደገና ተሠርቷል፤ ከሻህ ሩክ ካን ፊልሞች መካከል በዚህ ረገድ ከእሱ ጋር የሚስተካከል ገና አልወጣም።